ሰባት ነጥብ

ከፊቴ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ሰሌዳ፣
ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር፣ ለወጪ ለወራጅ እንግዳ።
በቀኜ ላማራ አለች፣ የኦፔራዋ እመቤት፣
በግራዬ ዙራ፣ ዕድሜው ገና ሃያ ሰባት፣
መኪናው ሁለት፣ ቀለበቱ አራት።
መሐል እኔ ኤልጉጃ፣ ሠላሳ ዓመት የመዘምራን መሪ፣
"የትብሊሲ ጆሮ" ይለኛል አስተዋዋቂው፣ እሱ እንኳ አክባሪ።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ለሚስቴም ያልነገርኳት፣
ሐኪሙ በወረቀት ሥሎ ያሳየኝ አንድ ጠዋት።
ከሁለት ክረምት ወዲህ ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቶኛል፤
ወፍ አፏን ስትከፍት አያለሁ፣ ዝምታዋ ይደርሰኛል።
የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ የልጅ ልጄ ሣቅ ጫፉ፣
በአጠገቤ አለፉ፣
ሰላም ሳይሉኝ አለፉ።

ታዲያ እንዴት ትዳኛለህ? በሉኝ።
አንገት አያለሁ፤ ጅማት ሲወጠር፣
እስትንፋስ ከየት እንደሚነሣ፣ ከሆድ ይሁን ከከንፈር፤
ጣት ማይክራፎኑን ሲያንቅ፣ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ፤
ደግሞም የኬብል ጎታቹን ልጅ፣ ማስቲካ ሲያላምጥ።
ማላመጡን ካቆመ፣ ዘፈኑ ሰው ልብ ገብቷል።
ያ ልጅ አንድም ቀን አልዋሸኝም። ከእኛ መሐል ዋሾው ይታወቃል።

ዛሬ ማታ አንዲት ሴት። ናርጊዛ፣ ከቺያቱራ የመጣች፣
ሸለቆ በሚሻገረው የገመድ ባቡር ትኬት ስትቆርጥ የኖረች።
አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ጫማዋ የውሰት፣ ይሰፋታል፤
ከተረከዟ ሥር የታጠፈ ወረቀት ጫፉ ይታያል።
"ለማን ትዘፍኛለሽ?" አላት፣ እንባ ፈልጎ፣ ካሜራ አስጠግቶ፤
"ለአውቶቡሱ ሹፌር፤ ውጭ ቆሟል፣ ሞተሩን አጥፍቶ።"

ጀመረች። ወፍራሙ ድምጿ ገባኝ፤ እንደ ማዕድን ጉድጓድ ጨለማ፣
እንደ ዕቃ ጫኝ ባቡር፣ ከመታየቱ በፊት በእግር እንደሚሰማ።
እጄ ወደ ዘጠኝ ሄደ፤
ዜማው ግን ወደ ላይ ተሰደደ፤
አፏ ተከፈተ፣ ዓይኗ ተከደነ፣
ደረቷ ተነፋ፤ ለእኔ ግን ሁሉም ዝም ሆነ።
አዳራሹ ተነሣ። ላማራ ጉንጯን በመሐረብ ጠረገች፣
የኬብሉ ልጅ ፈዘዘ፣ ማስቲካዋ ምላሱ ላይ ቀረች።
ዙራ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ንዝረቱ በክርኔ ደረሰኝ።
እኔ ግን፣ ጎረቤቱ ሲዘንብለት እንደ ተዘለለ ማሳ፣
ጠብታም አልነካኝ።

ዐሥር አለች ላማራ። ዐሥር አለ ዙራ። ተራው የእኔ ነው።
በላማራ እንባ ልፍረድ? በሰው ጆሮ ልፈርም?
የሰው ደስታ ሰርቄ በስሜ አልሸጥም፣
አልኩ፤ ኩራት ይሁን ፍርሃት፣ እስካሁን አላውቅም።
የደረሰኝን መዘንኩ፦ ግማሽ ዘፈን፣ ሙሉ ሴት።
ሰሌዳውን አነሣሁ።
ሰባት።

ጩኸቱ ወፍራም ነበርና፣ እሱን ደኅና አድርጌ ሰማሁት።
"ቅናተኛ!" "ሽማግሌ!" "ጡረታ ውጣ!" ሲሉ፣
ከሰገነቱ ላይ የወረቀት ኩባያ ሲጥሉ።
በአንድ ነጥብ ወደቀች።
ከዚያ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ከመድረኩ ጀርባ፣ ሽቦና ሣጥን በሞላው መተላለፊያ፣
ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ቆማ ጠበቀችኝ።
ለስድብ ተዘጋጀሁ። አንገቴን ሰበርኩ።
"ጌታዬ" አለችኝ በዚያ በወፍራሙ ድምጿ፣
"ያ ላይኛው አልወጣልኝም። ጉሮሮዬ ከዳኝ፣
አፌን ብቻ ከፍቼ አለፍኩት፤ ቫዮሊኑ ሸፈነልኝ፣
ሕዝቡም የጓጓለትን ሰማ።
ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሰማኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።"
እጄን ሳመችው። ባዶ እግሯን ሄደች።

ያ ዝምታ የማን ነበር? የእኔ ነው ወይስ የእሷ?
ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ ነው የምጠራት?

ውጭ ዝናብ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ።
የኬብሉ ልጅ በር ላይ ቆሞ አንዲት ማስቲካ ዘረጋልኝ፤
አንድ ነገርም አለኝ፣ በቀጭን የጎረምሳ ድምፅ።
አልሰማሁትም።
ተቀበልኩትና ራሴን ነቀነቅሁ፣
አዎ እንደ ማለት።